ሳይበሰብስ የቀረው

ይህ ምልልስ በሚዛን ተፈሪ፣ በቡና ለቀማ ወቅት፣ በአንድ ቡና አምራች ግቢ የተደረገ ነው። ጠያቂው ለብዙ ዓመታት ጂኦግራፊ ያስተማሩ ጡረተኛ መምህር ናቸው፤ መላሿ የእህታቸው ልጅ፣ አራት ኪሎ ተምራ በነዳጅ ፍለጋ ሥራ የተሰማራች ጂኦሎጂስት ናት።

መምህር፦ ሰሞኑን ከጎጀብ ማዶ የመጣ ነጋዴ ጥቁር ድንጋይ አሳየኝ። በስስ በስሱ ይሰነጠቃል። እሳት ላይ ስናደርገው ጭሶ ጭሶ ላምባ ላምባ ሸተተ። ሰውየው «ከሥራችን ነዳጅ ተኝቷል» ብሎ ምሎ ተገዝቶ ሄደ። እኔም ነገሩ ልክ መሰለኝ። ነዳጅ ከጥንት ሕይወት የሚሠራ ከሆነ፣ በኢትዮጵያ ውስጥ እንደ ከፋ፣ እንደ ሸካ፣ እንደ ቤንች ሕይወት የሞላበት መሬት የት አለ?

ጂኦሎጂስት፦ ድንጋዩስ እውነተኛ ሊሆን ይችላል ጋሼ። በዚያ አካባቢ እንዲህ ያለ አለት መኖሩ ይታወቃል፤ እንደርስበታለን። የማልስማማው በምክንያቱ ነው። እስቲ ልጠይቅዎ፤ ይህ ደን በየዓመቱ የሚያረግፈው ያ ሁሉ ቅጠል የት ይገባል?

መምህር፦ ይበሰብሳላ! ዝናቡና ሙቀቱ፣ ምስጡና ትሉ መች ይምሩታል። አምና የረገፈውን ዘንድሮ ብትፈልጊ አታገኚውም።

ጂኦሎጂስት፦ ለነዳጅ ይሆን የነበረውን የሚጨርሰውም ይኸው መበስበስ ነው። ቅጠሉ ሲበሰብስ በውስጡ የነበረው ካርቦን ከኦክስጅን ጋር ተዋሕዶ ወደ አየር ይመለሳል። እዚህ አገር ሕይወት ፈጥና ትሠራለች፣ ፈጥና ትፈርሳለች። ድንጋይ ውስጥ የሚገባው ከዚህ ያመለጠው ትራፊ ብቻ ነው። በዛሬው ባሕር እንኳ ከላይ ከሚመረተው ኦርጋኒክ ቁስ ውስጥ ከወለሉ ደለል ጋር ተቀብሮ የሚቀረው ከመቶ አንድ እጅ አይሞላም። ስለዚህ እኛ በፍለጋ ላይ ስንሆን ሕይወት የበዛበትን ጥንታዊ ቦታ ብቻ ብንከተል የትም አንደርስም። መበስበስ የተስተጓጎለበትን ቦታ ነው የምንከተለው። የአፈርዎን ቅላት ይዩ። የብረት ዝገት ነው፤ ኦክስጅን እንደልቡ ገብቶ ሠርቶበታል። ኦርጋኒክ ቁስ የበዛበት ሼል፣ ማለትም ከደቃቅ ጭቃ የተሠራ ድንጋይ፣ አብዛኛውን ጊዜ ጥቁር ወይም ጠቆር ያለ ቡናማ ነው።

መምህር፦ የደገኛው መረሬ አፈርስ? እሱም ጥቁር ነው፤ ነዳጅ ሲወጣው ግን አላየንም።

ጂኦሎጂስት፦ መረሬ ያሳስታል። ሲለካ ካርቦኑ ያን ያህል አይደለም፤ ጥቁረቱ ከሸክላው ዓይነትና ከሸክላው ጋር ከተጣበቀ ጥቂት ኦርጋኒክ ቁስ የመጣ ነው። በቀለም ብቻ የማንፈርደውም ለዚህ ነው። ድንጋዩን ፈጭተን ኦርጋኒክ ካርቦኑን በመቶኛ እንለካለን። ከመቶ አንድ እጅ በታች ከሆነ ተስፋ የምንጥልበት አልፎ አልፎ ነው፤ ከመቶ አምስትና ከዚያ በላይ የያዘ ሲገጥመን ደስ ይለናል።

መምህር፦ እሺ፣ መበስበስን የሚያህል ነገር ምን ያስተጓጉለዋል?

ጂኦሎጂስት፦ ከዚሁ ከግቢዎ እንነሳ። እሸት ቡናው ሲፈለፈል ልጣጩ ሁለት ቦታ ነው የሚሄደው። ከፊሉን ከቡናው እግር ሥር ይበትኑታል፤ ከፊሉ ከእጥበቱ ውኃ ጋር ጉድጓድ ይገባል።

መምህር፦ የተበተነው ወዲያው አፈር ይሆናል። የጉድጓዱን ተዪው! ጥቁር ሆኖ እየተንተከተከ ይከርማል፤ ሽታው ሰፈር ያስለቅቃል።

ጂኦሎጂስት፦ ልጣጩ ያው አንድ ነው፤ የተለያየው አየር በማግኘትና በማጣት ነው። ውኃ የሚይዘው ኦክስጅን ትንሽ ነው። ባክቴሪያዎቹ ልጣጩን መብላት ሲጀምሩ ያችን ቶሎ ይጨርሷታል፤ ከላይ የሚገባው ደግሞ ዘገምተኛ ስለሆነ አይደርስላቸውም። ከዚያ ወዲያ ኦክስጅን የማይፈልጉት ባክቴሪያዎች ተራውን ይይዛሉ። እነሱ ሥራቸው አዝጋሚ ነው፤ በተለይ ቅባት ነክ የሆነውን ክፍል አፍርሰው አይጨርሱትም። ሰልፌት ካገኙ በሱ እየሠሩ ያን የገማ እንቁላል የሚሸት ጋዝ፣ ሃይድሮጅን ሰልፋይድን ይለቃሉ። ይህን ጉድጓድ በመቶ ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር አስፍተው፣ በልጣጩ ፋንታ ከላይ እንደ ካፊያ የሚዘንብ የሞተ ፕላንክተን፣ በውኃ ላይ የሚንሳፈፍ ደቃቅ ፍጥረት፣ አድርገው፣ ሚሊዮን ዓመታት ቢያቆዩት እኔ የማጠናውን ባሕር አገኙት ማለት ነው። ባሕር ሰልፌት አያልቅበትም። ስለዚህ ጋዙ በጭቃው ውስጥ ካለው ብረት ጋር ተዋሕዶ ወርቅ የሚመስል ደቃቅ ማዕድን፣ ፓይራይት ይሠራል። በሼል ውስጥ የተበተነ ደቃቅ ፓይራይት ባየሁ ቁጥር ይህ ጭቃ ሲከማች ኦክስጅን ጠፍቶ ነበር ብዬ እጠረጥራለሁ።

መምህር፦ ባሕር ግን ማዕበል አለው፣ ነፋስ አለው። እንዴት ብሎ ነው እንደ ጉድጓድ ውኃ የሚተኛው?

ጂኦሎጂስት፦ ላዩ ነው የሚናወጠው። ቀላል ውኃ ከላይ፣ ከባድ ውኃ ከታች ከተኛ ሁለቱ በቀላሉ አይደባለቁም። የዛሬውን ጥቁር ባሕር ይውሰዱ። ዳኑብን የመሳሰሉ ወንዞች ጨው የሌለበት ቀላል ውኃ ከላይ ያፈሱበታል፤ በቦስፎረስ በኩል የሚገባው የሜዲትራኒያን ጨዋማ ውኃ ወደ ታች ይሰምጣል። ከ150 እስከ 200 ሜትር ከወረዱ በኋላ፣ እስከ 2,200 ሜትር ወለሉ ድረስ ኦክስጅን የሚባል የለም። እ.ኤ.አ. በ2018 እዚያ ውስጥ 2,400 ዓመት ገደማ ዕድሜ ያለው የግሪክ መርከብ መገኘቱ ተነግሯል። ምሰሶው እንደ ቆመ፣ የቀዛፊዎቹ መቀመጫ እንኳ በቦታው ነበር። በሌላ ባሕር እንጨት በሊታ ትሎች በጥቂት ዓመታት የሚጨርሱት ነገር ነው።

መምህር፦ ትሉም እኮ መተንፈስ አለበት።

ጂኦሎጂስት፦ አዎ፣ እዚያ ግን መተንፈሻ የለውም። ይህ ለሼሉም ትልቅ ነገር ነው። ኦክስጅን ባለበት ወለል ላይ ትሎችና ቀንድ አውጣዎች ጭቃውን ሲያገላብጡት ይኖራሉ፤ የጭቃው ንጣፍ ይበጠበጣል። በሌለበት ግን እያንዳንዱ ስስ ንጣፍ እንደተኛ ይቀራል። ነጋዴው ያሳየዎት ድንጋይ በስስ በስሱ የተሰነጠቀው አንድም በዚህ ምክንያት ሳይሆን አይቀርም። ከአገር ሳንወጣም ምሳሌ አለን። የቢሾፍቱ ሐይቆች ጥልቅ ናቸው፤ ታችኛው ውኃ ኦክስጅን ያጣል። በብርዱ ወራት የላዩ ውኃ ቀዝቅዞ ሲከብድና ከታችኛው ጋር ሲደባለቅ ዓሣ በብዛት የሚሞትበት ጊዜ አለ።

መምህር፦ እንግዲህ አንድ ነገር ላንሳ። ጉድጓዴ ውስጥ ልጣጭ ባልጨምርበት ኖሮ አይሸትም ነበር። ኦክስጅኑ ያለቀው የሚበላ ነገር ስለበዛ ነው። ስለዚህ መነሻው ያው የሕይወት መብዛት አይደለም ወይ? ቅድም ያቃለልሽው ነገር በጓሮ በር ተመልሶ ገባ።

ጂኦሎጂስት፦ እዚህ ላይ ነው የኛ ሙያ ሰዎች ለዓመታት የተከራከሩት። እ.ኤ.አ. በ1980 ደሜዞንና ሙር የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች የነዳጅ እናት የሆኑ አለቶች የሚፈጠሩት ኦክስጅን በሌለበት ውኃ ነው ብለው ሰፊ ጽሑፍ አወጡ። እ.ኤ.አ. በ1990 ፔደርሰንና ካልቨርት የእርስዎን መከራከሪያ ይዘው ተነሡ። ወሳኙ ምርቱ ነው፤ የኦክስጅን መጥፋት የምርቱ ውጤት ነው አሉ። ማስረጃም ነበራቸው። በፔሩና በናሚቢያ ዳርቻ ንጥረ ነገር ያዘለ ቀዝቃዛ ውኃ ከታች ወደ ላይ ይወጣል፤ ፕላንክተኑ ከመጠን በላይ ይራባል፤ የሚዘንበውም ሬሳ ኦክስጅኑን ያሟጥጠዋል።

መምህር፦ አንቺስ ከማን ወገን ነሽ?

ጂኦሎጂስት፦ ከአንዳቸውም ጋር ጠቅልዬ አልቆምም። ምርት ያስፈልጋል፤ ይህን እቀበላለሁ። ግን የእርስዎ ደን ከብዙ ባሕር የበለጠ ያመርታል፤ የሚያስቀምጠው ግን ጥቂት ነው። ሦስተኛ ነገርም አለ፤ እኔ ከሁለቱ እኩል አየዋለሁ። የደለሉ መጠን ነው። ባሮ በክረምት ወደ ጋምቤላ የሚያወርደውን ጭቃ ያስቡ። እንዲህ ያለ ወንዝ አጠገቡ የሚፈስበት ወለል ላይ የፈለገውን ያህል ፕላንክተን ቢዘንብ በጭቃው ብዛት ይሳሳል፤ ከመቶ አንድ እጅ ሳይሞላ ይቀራል። ደለሉ ጭራሽ ከጠፋ ደግሞ የሞተው ሁሉ ሳይቀበር ረጅም ጊዜ ተጋልጦ ይቆያል። ከዳርቻ ራቅ ያለ፣ ደቃቅ ሸክላ በዝግታ ሳያቋርጥ የሚወርድበት ወለል ነው የሚበጀው። ምርት፣ የኦክስጅን እጦትና ልከኛ ደለል አንድ ቦታ የሚገጣጠሙት በምድር ታሪክ ውስጥ አልፎ አልፎ ነው። ለዚህም ነው የዓለም ነዳጅ በጥቂት ዘመናትና በጥቂት ቦታዎች አለቶች ላይ የተንጠለጠለው።

መምህር፦ በኛስ አገር ተገጣጥመው ያውቃሉ? እኔ ሳስተምር ባሕሩ ከደቡብ ምሥራቅ ገባ፣ መጀመሪያ የአዲግራት አሸዋ ድንጋይ፣ ቀጥሎ የሕንጣሎ ኖራ ድንጋይ፣ ባሕሩ ሲመለስ የላይኛው አሸዋ ድንጋይ እያልን ነበር።

ጂኦሎጂስት፦ ያስተማሩት ልክ ነው። ያ ባሕር የቴቲስ ውቅያኖስ ክንድ ነው። እስከ መቀሌ ደርሷል፤ ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን የዓባይን በረሃ የወረደ ሰው ኖራ ድንጋዩንና ጂፕሰሙን ከመኪናው መስኮት ያየዋል። የሙገር ሲሚንቶም የሚፈጨው ከዚያ ባሕር ኖራ ድንጋይ ነው። የኔ ጉዳይ ግን በኖራውና በላይኛው አሸዋ ድንጋይ መካከል ያለው ነው። በመቀሌ ዙሪያ አጉላዕ ሼል የሚባለው አለ፤ በኦጋዴን ደግሞ ኡራንዳብ ሼል።

መምህር፦ ስለ ኦጋዴኑ ንገሪኝ።

ጂኦሎጂስት፦ ዛሬ ግመል የሚነዳበት ያ አገር በጁራሲክ ዘመን መካከል ጥልቀት የሌለው፣ ብርሃን ወለሉ ድረስ የሚገባበት ሞቃት ባሕር ነበር። ዛጎል ለባሾችና ኖራ ሠሪ ፍጥረታት ከባሕሩ ከፍታ ጋር እኩል እየገነቡ ሐማንሌይ የሚባለውን ወፍራም የኖራ ድንጋይ አቆሙ። ከዚያ፣ ከ160 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት፣ ነገሩ ተለወጠ። የዓለም ባሕር ከፍ አለ፤ ወለሉም ሰመጠ። ውኃው ከግንበኞቹ ፍጥነት በላይ ጠለቀ። ብርሃኑ ወለሉን ለቀቀው፤ የኖራ ግንባታው ቆመ። በቦታው ጠቆር ያለ ሸክላና ኖራማ ጭቃ መውረድ ጀመረ። ከላይ አሞናይት የሚባሉ ዛጎል ለባሽ እንስሳት ይዋኙ ነበር፤ ቅሪታቸው በሼሉ ውስጥ አለ። ከታች ግን ኦክስጅን የሳሳበት ጸጥ ያለ ወለል ነበር። ኡራንዳብ እንዲህ ተወለደ። ኋላ ባሕሩ ሲሸሽና ሲተን ጂፕሰም አኖረ። የባሕሩን መግባት ብቻ ሳይሆን የመጥለቁን ሰዓት ነው የምንፈልገው። ያ ሰዓት ደግሞ የኛ ብቻ አልነበረም። ያኔ ቀይ ባሕርና የኤደን ባሕረ ሰላጤ አልነበሩም፤ መከፈት የጀመሩት ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው። አረቢያና የአፍሪካ ቀንድ አንድ መሬት ነበሩ። በዚያው ዘመን፣ በዚያው ባሕር ዳርቻ፣ በየመን ማድቢ የሚባለው ሼል፣ በሳዑዲ ደግሞ የጡወይቅና የሐኒፋ አለቶች ተከማችተዋል። የዓለም ትልቁ የዘይት መስክ ጋዋር የጠጣው ከነሱ ነው።

መምህር፦ ታዲያ አንድ ባሕር ለሳዑዲ ያን ሁሉ ሰጥቶ ለኛ ምነው ሰሰተ?

ጂኦሎጂስት፦ ጭቃውን ማስቀመጥ ግማሽ መንገድ ነው። በሳዑዲ ከባሕሩ መደብ መካከል ከሌላው ውኃ የተከለሉ ጎድጓዳ ቦታዎች ነበሩ፤ ኦክስጅኑ እዚያ በደንብ አልቋል። ከዚያ ሼሉ መቀበር አለበት። ሁለት ሦስት ኪሎ ሜትር ወርዶ ከ60 እስከ 120 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ሲሞቅ በውስጡ ያለው ኬሮጅን የሚባል የተቀበረ ኦርጋኒክ ቁስ ዘይት ይለቃል፤ ከዚያ ካለፈ ወደ ጋዝ ይሄዳል። ካልሞቀ ምንም አይለቅም። የወጣውን የሚይዝ ቀዳዳማ አለትና ከላይ የሚከድን ጥብቅ ንብርብር ደግሞ ይፈለጋል። ሳዑዲዎች ይህ ሁሉ ተደራርቦ ሰምሮላቸዋል። የኛ ኡራንዳብ ገና ያልበሰለበት ሰፊ ቦታ አለ፤ የበሰለበትን ለይቶ ማወቅ ጉድጓድ መቆፈር ይጠይቃል። የኦጋዴን ተፋሰስ ወደ 350 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። ሲንክሌር የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1945 ፈቃድ ከወሰደ ወዲህ የተቆፈረው ከስፋቱ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ትንሽ ነው። ይህ ያንገበግበኛል።

መምህር፦ ካሉብ ላይ ግን ጋዝ ተገኝቷል።

ጂኦሎጂስት፦ ቴኔኮ የተባለ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1973 ካሉብን አገኘ፤ ቀጥሎ ሂላላ መጣ። በሰኔ 2010 ዓ.ም. ደግሞ ከኦጋዴን ድፍድፍ ዘይት በሙከራ መውጣት ጀመረ። ስለ ካሉብ ጋዝ የሚገርመው ምንጩ ነው። ተመራማሪዎች ዋና ምንጭ አድርገው የሚያዩት ከኡራንዳብ በጣም የሚያረጀውን ቦክ ሼልን ነው። ቦክ ደግሞ የባሕር አይደለም። ባሕሩ ከመግባቱ ብዙ ቀደም ብሎ፣ መሬቱ ተሰንጥቆ በሰመጠበት ሸለቆ ውስጥ የነበረ ሐይቅ ጭቃ ነው።

መምህር፦ እንዴ! ባሕር ባሕር ስትዪኝ ቆይተሽ ጋዙ የሐይቅ ሆኖ አረፈው?

ጂኦሎጂስት፦ ጥልቅ ሐይቅም ወለሉ ኦክስጅን ሲያጣ ያንኑ ሥራ ይሠራል። የባሕሩ ብልጫ ስፋቱ ነው፤ አንድ ዓይነት ጭቃ ከአገር አገር ይዘረጋል። ሐይቅ ጠባብ ነው፤ ጥቂት ኪሎ ሜትር ሲሄዱ ያልቃል። እንግዲህ ወደ እርስዎ ድንጋይ ደረስን። ያ የጁራሲክ ባሕር ወደዚህ ወደ ደቡብ ምዕራብ አሻራውን አልተወም። እዚህ እሳተ ገሞራ እንደ ጎርፍ የተፋው የባዛልት አለት የተኛው በአብዛኛው በቀጥታ በጥንታዊው መሠረት አለት ላይ ነው፤ በመካከል የባሕር ኖራ የለም። ነገር ግን ከዚያ የባዛልት ጎርፍ ወዲህ፣ ከ30 እስከ 20 ሚሊዮን ዓመት ባለው ጊዜ ገደማ፣ መሬቱ ሲሰነጠቅና ሲሰምጥ ትንንሽ ሸለቆዎች ውኃ ያዙ። በጅማ በኩል ደልቢና ሞዬ፣ በኢሉባቦር ያዩ፣ በጎጀብና በጭዳ መካከልም እንደዚሁ። ዳርዳሩ ረግረግ ሆነ፤ ዛፉ ውኃ ውስጥ ወድቆ ሳይበሰብስ ቀረና የድንጋይ ከሰል ሆነ። ጠለቅ ያለው መካከል ላይ ዋቅላሚ እየሞተ ወረደና ዘይት አዘል ሼል ሆነ። ሐይቁ ሲሰፋና ሲጠብ አንዱ ባንዱ ላይ እየተደራረበ ተኛ። ነጋዴው ያመጣው ከዚህ ወገን ሳይሆን አይቀርም።

መምህር፦ ስለዚህ ሰውየው እውነቱን ነው። ነዳጅ አለ።

ጂኦሎጂስት፦ ያልበሰለ ነዳጅ። ብዙ ስላልተቀበረ ምድር አላሞቀችውም። እሳት ላይ ሲያደርጉት የሸተተዎት ምድር ያልጀመረችውን ማብሰል እሳቱ ጀምሮት ነው። ዘይት እናውጣ ከተባለ ድንጋዩ ተቆፍሮ፣ ተፈጭቶ፣ በምድጃ ከ400 ዲግሪ በላይ መሞቅ አለበት። ኢስቶኒያ የራሷን ሼል ለመብራት ማመንጫ ስታቃጥል ኖራለች፤ የአመድ ተራራዋ ከሩቅ ይታያል። የኛው ደግሞ ያለው ከምን ሥር እንደሆነ ያውቃሉ። የያዩ ደን እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የተመዘገበው የጫካ ቡና ስላለበት ነው። ከሰሉም ሼሉም እዚያው ነው።

መምህር፦ አንቺ ደሞዝ የሚከፍልሽ ነዳጅ ፍለጋ ሆኖ ሳለ እኛን አትቆፍሩ ትያለሽ? ለበቆሎዬ ማዳበሪያ ዋጋው አናት ላይ ወጥቷል። የያዩ ከሰል ዩሪያ ይሆናል ተብሎ አልነበረም?

ጂኦሎጂስት፦ ተብሎ ነበር፤ ፋብሪካው ተጀምሮ ሳይጠናቀቅ ቀረ። እኔ ቁፋሮ አልጠላም ጋሼ፤ ሥራዬ ነው፣ እወደዋለሁም። የጫካ ቡና ዋነኛ ማከማቻው ግን እንዲህ ያለ ደን ነው፤ ለጠባብ የሐይቅ ጭቃ ብሎ ይህን መንቀል ስህተት ነው ብዬ በሙሉ ልቤ አምናለሁ።

መምህር፦ ማዳበሪያውስ ከየት ይምጣ? በልብ ብቻ በቆሎ አይበቅልም።

ጂኦሎጂስት፦ ከካሉብ። ዩሪያ ለመሥራት የሚያስፈልገው ሃይድሮጅን ከጋዝ ይገኛል፤ ከከሰል ከማውጣትም ይቀላል። በነሐሴ 2017 ዓ.ም. መንግሥት ከዳንጎቴ ኩባንያ ጋር በጎዴ በዓመት 3 ሚሊዮን ቶን ዩሪያ የሚያመርት ፋብሪካ ለመሥራት ተፈራርሟል፤ ጋዙ በቧንቧ የሚመጣው ከካሉብና ከሂላላ ነው። ከያዩ ሥር ሊፈለግ የነበረውን፣ ደን በሌለበት በረሃ ሥር የተቀበረው የጥንት ሐይቅ ጭቃ ሊሰጠን ይችላል።

መምህር፦ ፋብሪካው ሲያልቅ ንገሪኝ። እስከዚያው ነጋዴውን ድንጋዩን ከየትኛው ወንዝ ዳር እንዳነሣው ጠይቄ እጽፍልሻለሁ።

ጂኦሎጂስት፦ ከላይና ከታቹ ያለው አለት ምን እንደሚመስልም ይጠይቁልኝ።